አንድ ስንጥቅ ለመደበቅ አምስት ወንዝ

ቤታችሁ ያለውን ቡፌ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ጀርባውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩት። አናጢው ያሳያችሁ ፊቱን ነው፤ ጀርባው በእሱና በግድግዳው መካከል ያለ ምስጢር ነው። የእኔ ምስጢር ግን ይብሳል። ፊት ለፊት ተሰቅሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጭራሽ እየተጨበጨበለት የኖረ ነው። ስሟ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምታፍር ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደኖረች ይገርመኛል። ዛሬ ልናገርና ይውጣልኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጂንካ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን የማስተማሪያ ዕቃዎች የሚሠሩበት አንድ ክፍል ከፈተና "ቁልፉን ማን ይያዝ?" ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምን እንዳወጣሁ ዛሬም አላውቅም፤ እጄ ከእኔ ሳይደፍር አይቀርም። የስፖርት መምህራችን ጌታቸው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ዘነበች መጋዝ ከያዘች እኔ በርበሬ እወቅጣለሁ!" አለ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አይናፋር ሰው ሲሰደብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዲሬክተሩ ግን አልሳቀም።

"ከአርባ ምንጭ እንግዶች መጥተው ኤግዚቢሽን ያያሉ። የሚረባ ነገር ካልቀረበ ቁልፉን ለጌታቸው ታስረክቢያለሽ" አለኝ።

እኔ የሚረባ ያልኩት ከአንድ ወጥ ጣውላ የተቀረጸ የኢትዮጵያ ካርታ ነው። ጣውላውን የሰጠኝ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ የከተመው አናጢ፣ ጋሽ ማርቆስ ነው። ለገዛ ቤቱ ቡፌ ብሎ ሦስት ዓመት ያደረቀው ሰፊ ዋንዛ ነበር። "ውሰጂ ልጄ፣ ሰሃኑ መሬት ይቀመጣል" አለኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጣውላ አልነበረውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆረጥኩ፣ ላግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ድንበሩ ሁሉ አማረ። የቀረኝ ከታች፣ ከእኛው አገር ጫፍ፣ ኦሞ የሚገባበትን ሐይቅ በመሮ ጎድጎድ ማድረግ ብቻ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሮውን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ጠበቅ አድርጌ መታሁት።

ጧ!

ስንጥቁ ከሐይቁ ተነስቶ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ጂንካን በስተቀኝ፣ ከፋን በስተግራ ትቶ፣ አዲስ አበባ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። የዛሬ ሰዎች ትስቁ ይሆናል። በየግድግዳው "አንድነት" ተጽፎ በነበረበት ዘመን እናት አገርን በመሮ የሰነጠቀች መምህርት ምን እንደምትባል እስቲ አስቡት። ተቀምጬ አላለቀስኩም። ቆሜ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አፈሰስኩና ካርታውን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። እሑድ ጠዋት ስፈታው ገጥሟል። የቀረውን ክፍተት በሰጋቱራ፣ በመጋዝ ብናኝ ማለት ነው፣ እና በኮላ ሞላሁት፤ ግን ሆዱን የተቀደደ ሰው ጠባሳ ይመስላል። ብፈትገው እዚያው ነው። ቫርኒሽ ሳስነካው ጭራሽ ደመቀ። ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ሳየው... ወንዞቹን ገና አልቀባሁም ነበር። ከታች ከሐይቁ፣ ወደ ላይ እስከ ሸዋ። ይሄማ ኦሞ ነው!

እርግጥ እውነተኛው ኦሞ ይጠማዘዛል፤ የእኔው ቀጥ ያለ ነው። ቢሆንም ጠባሳውን በመሮ ጎድጎድ አደረግሁና ሰማያዊ ቀባሁት። ስንጥቅ የሚባል ነገር ከአገር ጠፋ። ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። ሌሎቹ ወንዞች በቀለም ብቻ ተሥለው ኦሞ ለብቻው ቢጎደጎድ ሰው ለምን አይልም? ስለዚህ ዓባይን ቆፈርኩ። አዋሽን ቆፈርኩ። ባሮን፣ ዋቢ ሸበሌን፣ ገናሌን። ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስት ወንዝ ቆፍሬ ጨረስኩ።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። መሪያቸው፣ ካኪ የለበሱ ጠና ያሉ ሰው፣ የሌላውን ሁሉ "ጥሩ፣ ጥሩ" እያሉ አልፈው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸውን ዓባይ ውስጥ ከተቱ። እስከ ሱዳን ድንበር ተጓዙበት።

"ያየሁት ካርታ ሁሉ ለዓይን ነው፤ ይሄ በእጅ ይነበባል! ማነው ያሰበው?"

እኔ ወለሉን አየሁ። ዲሬክተሩ "መምህርት ዘነበች ናት" አለ። ተጨበጨበ።

የፈራሁት ግን ጣውላውን ሊያይ የመጣው ጋሽ ማርቆስ ሲጠጋ ነው። ጋሽ ማርቆስ እንጨት የሚያየው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ነው። ዓባይን አለፈ፣ አዋሽን አለፈ፣ ኦሞ ላይ ጣቱ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ወንዝ ከሌሎቹ ይጠልቃል።"

"ዝናብ ዘንቦ ሞልቶ ነው ጋሼ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነው" አለና ወደ እንግዳው ዞረ። "ጌታዬ፣ ጣውላው የኔ ነው። ወንዙ ግን የእሷ ነው።"

አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱ አዲስ መላጊያ ነበር፤ ቁልፉም እኔው ዘንድ ቀረ። ሴቶቹ መምህራን በማግስቱ ሙቀጫና ዘነዘና ከነበርበሬው አምጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጡ። ጌታቸው፣ ምስጋና ይግባውና፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወቀጠ። እያስነጠሰ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ "ዘነበች፣ አልላመም?" አለኝ።

"ትንሽ ይቀረዋል" አልኩት። አልቀረውም ነበር።

ካርታው ብዙ ልጆች አሳደገ። ከዓመታት በኋላ ጤና ረዳት ሆና ኦሞ ዳር ያለችው ዱስ የተመደበች አንዲት ተማሪዬ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "መምህርት፣ ኦሞን አየሁት እኮ! እንደ እባብ ነው የሚጠማዘዘው። የእኛ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ አልነበረም እንዴ?"

"ያኔ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ልጄ" አልኳት። አመነችኝ።

ይኸው ወጣልኝ። ያን ሁሉ መጠማዘዝ የነጠቅሁትን ኦሞን ይቅርታ እጠይቃለሁ። መላጊያውን ግን አልመልስም።