ወንድም ጋሼና ስድስተኛው ዲስክ

በዚህ ዓለም ላይ ዕቃ ገዝቶ የሚደሰት ሰው አለ፤ ሰው የገዛውን ዕቃ መርምሮ ደስታውን የሚቀማም ሰው አለ። ሁለተኛው ዓይነት በየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድሏል። እናንተም ቤት አይጠፋም። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስትገቡ «እላይህ ላይ ይለቅ» በማለት ፈንታ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን የሚቆጥረው እሱ ነው።

ለእኛ ቤት የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትላቸዋለች፤ እኔም ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እንዲሁ እላለሁ። በልቤ ግን ክቡር የጥራት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የታተመ ወረቀት ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ወጡ ይባላል እንጂ፣ ወረቀቱ ከእሳቸው ተገላገለ፤ እኛ ተያዝን። የሥራ መሣሪያቸው የነበረችው አውራ ጣት የምታህል አጉሊ መነጽር ዛሬም በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ማንኛውም ዕቃ ፊታቸው ሲቀርብ የሚሉት አንድ ነው፦ «እስቲ ወደ መስኮቱ አምጣው!» ፍርዳቸውም አጭር ነው፦ «አልጣመኝም።» ይግባኝ የለውም።

የሠርጋችንን መጥሪያ ካርድ ወደ መስኮቱ ወስደው «ወርቃማው ቀለም ከጥቁሩ ግማሽ ሚሊሜትር ሸሽቷል» አሉና ካርዱ እንደገና እስኪታተም ሠርጉ በሁለት ሳምንት እንዲራዘም ጠየቁ። ልጃችን የተወለደች ዕለት ሁላችንም ሕፃኗን ስናይ እሳቸው የልደት ወረቀቷን አዩ፤ ማህተሙ አልጣማቸውም። ሶፋ ልንገዛ አብረውን ሄደው ሶፋው ሥር በጀርባቸው ገብተው ሲተኙ ሻጩ ሰው የወደቀ መስሎት ውሃ ይዞ ሮጠ። ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ሌላ ጠያቂ ያመጣልኝን ጭማቂ ጀርባ አነበቡና «ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ነው የቀረው» ብለው ይዘውት ሄዱ። ጥሙ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ግን ገና ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሳለች በቴሌቪዥን አንድ የጃፓን ካርቱን ትከታተል ነበር። ዛሬ ካርቱን ስል «አኒሜ ነው አባዬ» እያለች ታርመኛለች። አንዲት ልጅና አንድ የብረት ወፍ ባሕር ፍለጋ አገር ላገር ሲዞሩ የሚያሳይ ነው። ከሃያ ስድስቱ ክፍል ሃያ አምስቱን አብረን አየን፤ የሥራ ባልደረቦቼ አይስሙ እንጂ እኔም አንድ አላመለጠኝም። የመጨረሻው ክፍል በሚተላለፍበት ቀን ጣቢያው ምን አቀረበ? ስለ ቧንቧ ጥገና ውይይት። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ቧንቧ! ልጄ ሦስት ቀን አለቀሰች። እኔም «መጨረሻውን እኔ ራሴ አሳይሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጄ ነርስ ሆና ተመረቀችና ሩቅ ከተማ ተመደበች፤ ሥራ የምትጀምረው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ቃሌ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሙሉውን ስብስብ፣ ስድስት ዲቪዲ በአንድ ሳጥን፣ ከውጭ አገር አዘዝኩ። ሁለት ወር ጠብቄ፣ ሰኞ ማለዳ ልትሄድ ዓርብ ዕለት እጄ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ጠርቼ ላስቲኩን ልቀድ ስል በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ለወንድሟ በስልክ ነግራቸው ኖሯል።

«እስቲ ወደ መስኮቱ አምጣው!»

«ወንድም ጋሼ፣ የሚታይ ፊልም እኮ ነው» አልኩ።

«ሳጥኑ ታትሟል አይደል?»

ሳጥኑን ከእጄ ወሰዱት። ምላጭ ከደረት ኪሳቸው አወጡና ላስቲኩን ለመግፈፍ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጁ። ሁለት ወር የጠበቅኳትን ደስታ እኔ ቆሜ እያየሁ እሳቸው ገፈፏት! ከዚያ መነጽሯን ዓይናቸው ላይ ተክለው ሳጥኑ ላይ ተደፉ።

«ና እያቸው። የቀለሙ ነጠብጣቦች ክብ ሆነው በሥርዓት መሰለፍ ነበረባቸው። እነዚህ ተድበስብሰዋል። ይኼ ሳጥን የሌላ ሳጥን ፎቶ ነው።»

ዲስኮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ገለበጡ። «ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ሆዳቸው ብርማ ነው፤ ደህና፣ ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ስድስተኛው ግን ሐምራዊ ነው። ይኼ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ የገለበጠው ነው። አልጣመኝም። ይመለስ።»

«ይመለስ? ልጅቷ ሰኞ ትሄዳለች!»

«ታዲያ ጉድለት ያለበት ነገር አይታ ትሂድ?»

ይኼኔ የሃያ ሁለት ዓመት ትዕግሥቴ አለቀ። «ወንድም ጋሼ! ለእርስዎ በዚህ ዓለም ላይ ጉድለት የሌለበት ነገር የለም! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቁጭ ብለው ማየት አይችሉም? እባክዎ ይተዉን!»

እሳቸው መነጽሯን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱና ኮፍያቸውን አነሡ። «ስድስተኛው ላይ ስትደርሱ ታዩታላችሁ» ብለው ወጡ። ባለቤቴ «ደስ አለህ?» አለችኝ። «በጣም!» አልኩ። ውሸቴን ነበር፤ ግን እንዲያ ስናደድ እውነት መናገር አይሆንልኝም።

ያን ቀን ሦስቱን ዲስክ፣ እሑድ ደግሞ ከጠዋት ጀምረን አራተኛውንና አምስተኛውን ጨረስን። ሦስታችንም ያ የተመረመረ ሶፋ ላይ ተደርድረን፣ ልጄ እንደ ልጅነቷ እግሯን አጥፋ፣ የከሰዓት ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ ስላስቸገረን መጋረጃውን ዘግተን። ሐምራዊውን ዲስክ ስከት ልቤ ትንሽ ፈራ። ሠራ! ሃያ አምስተኛው ክፍል ጥርት ብሎ አለፈ። «ሐምራዊ ይሉኛል!» ብዬ ሳቅሁ። ሃያ ስድስተኛው ጀመረ። ልጅቷና ወፉ የመጨረሻውን ኮረብታ ሲወጡ፣ ጫፉ ላይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰባበረና ቆመ።

አወጣሁት። በሸሚዜ ጠረግሁት፤ ተነፈስኩበት፤ እንደገና ከተትኩት። ሦስት ጊዜ ያው ኮረብታ፣ ያው መሰባበር።

«ግድ የለም አባዬ» አለች ልጄ። ታማሚ የምታጽናና ነርስ ሆና አይደለም የተናገረችው፤ የታች ከንፈሯ ያው የዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሻጩ ተናደድኩ፤ በቧንቧዎቹ ሰዎች ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት፣ አፍሬ እናገራለሁ፣ ወንድም ጋሼ ልክ በመሆናቸው ነው።

በሩ ተንኳኳ።

ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። «ደረሳችሁ?» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«አንዱ ክፍል ሃያ አራት ደቂቃ ነው፤ አስልቼ መጣሁ። ለምሳ እንደምታቋርጡ ግን ረሳሁና ቀደምኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር።»

ከፌስታሉ ሳጥን አወጡ። ያችው ልጅ፣ ያው ወፍ፤ ላስቲኩ ሳይነካ፣ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ብሏል። ልጄ ከሶፋው ዘላ ተነሣች። «አጎቴ! ይኼ ከየት መጣ?»

ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «ያኔ ያለቀስሽ ጊዜ አዝዤልሽ ነበር።»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት?»

«ሲደርስ ጥጉ ተጨፍልቆ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይሰጥም። ደህናውን እንዲልኩልኝ ለላኪዎቹ ጻፍኩላቸው። እስካሁን መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነበር።»

አሥራ ሁለት ዓመት! ሳጥኑን ነጠቅኋቸውና መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እኔው ራሴ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። የተጨፈለቀችው ቦታ የምስር ፍሬ አታክልም። ለዚህች ብለው ነው ልጄን አሥራ ሁለት ዓመት ኮረብታ ሥር ያቆሙብኝ! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ዞር ስል ግን ምላጫቸውን ለልጄ ሲሰጧት አየሁ።

«አንቺው ክፈቺው። ስለ ጥጉ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ልጄ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ላስቲኩን በጥርሷ ቦጨቀችው። ወንድም ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ለጥራቱ ያህል ልየው» ብለው ሶፋው ዳር ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተም መጨረሻውን አላየኸውም እንዴ?» አለች ባለቤቴ።

«ሳይከፈት በየት በኩል ልየው?»

ልጅቷና ወፉ ኮረብታውን ወጡ። ባሕሩን አገኙት ወይ ለምትሉኝ፣ አልነግራችሁም፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። እኔማ በአንድ ጆሮዬ «አልጣመኝም» የምትለዋን እየጠበቅሁ ነበር። አልመጣችም። መነጽሯን በጡጫቸው ጨብጠው፣ ያለምንም መነጽር፣ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኚህን ሰው ለካ እንዲህ እወዳቸው ኖሯል።

ፊልሙ አለቀ። የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር ልጄ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ብርሃን ላስገባ ብድግ ብዬ የመጋረጃውን ጫፍ ያዝኩ።

«ተወው» አሉኝ ወንድም ጋሼ። ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉ። «ትንሽ እንደተዘጋ ይቆይልኝ።»

መጋረጃውን ለቅቄ ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።