ግፊት የለመደች መኪና

ሰማንያ አምስት ብር። የአንድ ባትሪ ዋጋ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ቢቸና እስኪደርስ ድረስ ያለው ሁሉ ተደምሮ። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ደህና በሬ ይገዛ ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ነገሩ ከዚያ ብር ስለሚጀምር ነው።

አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ምክር ፍለጋ አይወጣም፤ ምክሩ ራሱ ይመጣለታል። በቅሎ ብትገዙ ጥርሷን አይተው ይሄዳሉ። ሚስት ብታገቡ ሐሜቱን ከጓሮ ይጨርሱታል። የመኪና ኮፈን ከፍታችሁ ከቆማችሁ ግን መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ አንገቱን ያስገባል።

ፒክአፗን ከሞጣው ነጋዴ ከሐጂ የሱፍ ስገዛት እሷም እኔም ወጣትነታችንን ጨርሰን ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ሴቶች ልጆቼ ተድረው ሄደዋል። ከቆዳ ንግድ ተነስቼ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ደርቤ የሠራሁት የቆርቆሮ ቤት፣ ዝናብ ካልጣለበት በቀር ከእኔ ጋር አያወራም። እኔም መኪናዋን የገዛሁት ለጭነት ነው እል ነበር።

ሐጂ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ምክራቸውንም አብረው አስረከቡኝ። የራዲያተር ውሃ የሚሞላው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ክዳኑን የነካ ፊቱን ይላጣል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ወጥቶ ተጠርጎ እንደገና ይገባል፤ መጀመሪያ የሚያሳየው ውሸት ነው። ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ለመቆሚያ እንጂ ለመውረጃ አልተፈጠረም። እዚህ ድረስ ወርቅ የሆነ ምክር ነው፤ ዛሬም መኪና ለሚገዛ ሁሉ እነግረዋለሁ። በመጨረሻ ግን እንዲህ አሉኝ፦

«ባትሪዋ ደክሟል፤ ሆኖም አይቀይሩት። ይግፏት።»

ሻጭ ጉድለቱን ሲሸፍን ብዬ ከዋጋው ላይ አስቀነስኩ። ባትሪ ግን አልገዛሁም። ሰማንያ አምስት ብር ነዋ!

እንግዲህ መኪናዋ ያለ ግፊት አትነሳም። በእጅ የሚዞረው ማስነሻ ብረት ከእኔ በፊት ጠፍቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሦስት ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፤ ከአጥሬ ማዶ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ጥበቡ፣ ሸማኔው እንድሪስ፣ ከሐረር ወደ ጤና ጣቢያው ተመድቦ የመጣው ድሬሰር ከበደ። አንዳንዴም ለፍርድ ቤት የመጣ ባለጉዳይ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ያግዛል። ሳይመክር የሚገፋ ግን አልነበረም። መሪጌታ ራዲያተሩ ጠበል ይግባበት አሉ፤ ከወንዙ ውሃ የጠራ ስለነበር እሺ አልኩ። ድሬሰሩ የልብ ማዳመጫውን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ሳንባዋን ነው የታመመችው አለ። አየር ማጣሪያውን ፈታን። የሞጣ መንገድ አቧራ ጥቅጥቅ ብሎበታል፤ ለካስ እውነቱን ነው። በዚህ የቀናው እንድሪስ የሚጮኸው የሞተር ቀበቶ በሞራ ይታሽ አለ። አሸነው። ተንሸራቶ ወለቀ። ያን ዕለት ሞጣ አልሄድኩም፤ እስከ ቀትር ድረስ በእንድሪስ ስንስቅ ዋልን።

ማንም ስሙን አይጥራው እንጂ ነገሩ ወንፈል ነበር። ገበሬ ለገበሬ ጉልበቱን በተራ እንደሚሰጠው፣ እነሱ ይገፉልኛል፤ እኔ ለእንድሪስ ጥጥ፣ ለመሪጌታ እህታቸው የሚልኩላቸውን ጤፍ፣ ለድሬሰሩ የመድኃኒት ሳጥን ከሞጣ አመጣለሁ።

ሆኖም ቆጣሪ ሰው መጥፎ ነው። ሞጣ ገበያ ረፍዶ እየደረስኩ ያጣሁትን ሳሰላው ከባትሪው ዋጋ በለጠ። አስመጣሁና አስገጠምኩ። በማግስቱ ጎረቤቶቼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲመጡ ቁልፉን አዞርኩ፤ መኪናዋ ተነሳች። ጨዋ ሰው የሚለውን አልኩ፦

«እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም።»

መረቁኝና ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሞጣ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ምን ያደርጋል? ብቻውን ቆሞ ሌሎቹ እስኪመጡ ይጠብቃል። ስመለስም ኮፈኑን ከፍቼ እቆማለሁ፤ ዘይቱ ልክ ነው፣ ውሃው ሙሉ ነው፣ ቀበቶው አይጮኽም። ጤነኛ መኪና ጠያቂ የላትም።

አንድ ቀን እንድሪስን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ጥጡን አህያ ላይ ጭኖ ከሞጣ ይመለሳል። አቁሜ፣ ጫነው እንጂ፣ ባዶዬን ነኝ አልኩት።

«አይ አያ ውብነህ» አለኝ አህያዋን እየነዳ፤ «እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው።»

የራሴን ቃል መለሰልኝ፤ ያውም በትሕትና። ለካስ በወንፈል አገር «ወደ እኔ አትምጡ» ያለ ሰው «ወደ እናንተም አልመጣም» ማለቱ ኖሯል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኔ ሎሚውን ስቆጥር ሰዉን ሳልቆጥር ቀረሁ።

በሳምንቱ ለሐጂ ይህን አወራኋቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«አያ ውብነህ፣ ያን ሁሉ ዓመት ባትሪ መግዣ አጥቼ መሰለዎት?»

ዋናው ምክር እሱ ነበር፤ ከዋጋው ላይ ያስቀነስኩት።

በማግስቱ ማለዳ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከባትሪው ወደ ማስነሻው ሞተሪኖ የሚሄደውን ገመድ ነቀልኩ። ወደ መሪጌታ አጥር ተጠግቼ፣ መኪናዋ እምቢ አለችኝ፣ ላስቸግርዎት ነው አልኳቸው። እሳቸው እንድሪስን ጠሩ፤ እንድሪስ ድሬሰሩን ይዞ መጣ።

«አዲሱ ባትሪ ምነው?» አለ እንድሪስ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

«አዲስ አበባ ናፍቆት ይሆናል» አልኩ።

መሪጌታ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። የተነቀለው ገመድ አፍንጫቸው ሥር ተንጠልጥሏል። አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«ምን አገኙባት?» አለ ድሬሰሩ።

«የቆየ ሕመም ነው» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፤ «በግፊት ይሻላታል።»

ሒሳቡ እንግዲህ ይኸው። ወጪ፦ ሰማንያ አምስት ብር፣ ማለዳ ማለዳ ያለ ሥራ የሚቀመጥ አዲስ ባትሪ፣ የሞጣ ገበያ ግማሹ። ገቢ፦ ሦስት ሰዎች፣ ከነምክራቸው። ይህ ኪሳራ ነው የሚል ቆጣሪ ካለ ቢቸና ይምጣና እንደገና ይደምረው፤ ሲመጣ ግን ማልዶ ይምጣ፣ ከኋላ በኩልም ይያዝ።