ባለሁለት ዋጋው አኮርዲዮን

(ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የቦርሳ መጠገኛ ሱቅ። የሱቋ ባለቤት ነጅማ መጀመሪያ ከአጎቷ የወረሰችውን አኮርዲዮን ወናፍ ከእንጨት አካሉ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የተቀደደውን ጥግ በደረቅ ብሩሽ ጠረገች። ከሌጦ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጣ ጠርዟን በምላጭ አሳሳች፣ ሙጫ ቀባች፣ እፍ እፍ አለችባት፣ ለጠፈቻትና በማንኪያ ጀርባ አሸቻት። አካሉን ሙጫ እንዳይነካው በጨርቅ ሸፍናዋለች። ወንድምአገኝ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገለገለ ዕቃ የሚነግደውና የማያውቀው ነገር የሌለው የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ፣ የቦርሳውን ዚፕ ሊያሠራ ገብቶ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲከራከራት ቆይቷል።)

ወንድምአገኝ፦ ሠላሳ አምስት ሺህ? ኧረ ቀስ በይ ነጂ፣ ፖሊስ ይሰማሻል!

ነጅማ፦ ትክክለኛ ዋጋው ነው። ሙዚቀኛው ጋሽ ሐድጉ አይቶ ነው የነገረኝ። ሠላሳ ዓመት አኮርዲዮን ተጫውቷል።

ወንድምአገኝ፦ ወፍ ዛፍ ላይ ስለዘፈነች የጣውላ ዋጋ ታውቃለች?

ነጅማ፦ እኔ እንጃ። ገዢው ግን እሺ ብሏል።

ወንድምአገኝ፦ ዕቃውን አይቶ?

ነጅማ፦ በፎቶ።

ወንድምአገኝ፦ (እየሳቀ) በፎቶ! ይኼ ሰውዬ ሚስቱንም በፎቶ ነው ያገባት። ስሚኝ፣ እንዲህ ያለ ቂል ራሱ መጥቶ ይኼን ሲያይ፣ በመጣበት ታክሲ ነው የሚመለሰው።

ነጅማ፦ አይበለው! ማሽኔ ከተሰበረ ሁለት ወሩ። በወስፌ ስሰፋ ጣቴ ወንፊት ሆነ። ያገለገለ የቆዳ መስፊያ ማሽን አግኝቼ ባለቤቱ እስከ አርብ ብቻ ነው የያዘልኝ። ገዢው ከቀረብኝ አለቀልኝ።

ወንድምአገኝ፦ ገበያ ጣትሽን አያይም። (ወናፉን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ) ይኼን ነው የሚያየው። አስም የያዘው ዕቃ! ደግሞ በቦርሳ ሙጫ! አጎትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ደህና ዕቃ ቢሆን ላንቺ ይተውልሽ ነበር?

ነጅማ፦ ታዲያ አንተ ስንት ትላለህ?

ወንድምአገኝ፦ ስድስት ሺህ። እሱም ጎረቤቴ ስለሆንሽ። ለመለዋወጫ ይሆነኛል።

ነጅማ፦ ለምኑ መለዋወጫ?

ወንድምአገኝ፦ ለእውነተኛው! ነይ እይ፣ ዓይንሽ ይባረክ። (ስልኩን ያወጣል) ትናንት ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ነው። አኮርዲዮን ማለት ይኼ ነው! ቀዩን እይው፣ የሙሽራ መኪና አይመስልም?

(ነጅማ እጇን ጠራርጋ መነጽሯን አደረገች። ፎቶው ላይ ከቀዩ አኮርዲዮን ሥር የተነጠፈው አበባማ አልጋ ልብስ የራሷ ነው። ከቡታጅራ የመጣችው የእህቷ ልጅ ሳሚያ፣ ከገዢ ጋር በቴሌግራም እየተጻጻፈች ለሽያጭ የለጠፈችላትን ፎቶ ያነሳችው እዚያ አልጋ ላይ ነበር። ነጅማ መነጽሯን አወለቀች፤ ወደ ሙጫዋም ተመለሰች።)

ነጅማ፦ ያምራል። በስንት ገዛኸው?

ወንድምአገኝ፦ በሠላሳ አምስት! አየሽ ልዩነታችንን? አንቺ ለቆሻሻ የጠራሽውን ዋጋ እኔ ለወርቅ ከፈልኩ። አምስቱን ቀብድ ልኬያለሁ። አንድ የሆቴል ባንድ በሃምሳ ሺህ ሊወስደው ይጠብቀኛል።

ነጅማ፦ ሻጩ ማን ነው?

ወንድምአገኝ፦ አንዲት የዋህ ልጅ ናት። ስንት እንደሚያወጣ እንኳ አታውቅም። ዛሬ ተጠግኖ ሲያልቅ አድራሻውን ትልክልኛለች።

ነጅማ፦ ጥገና አለው እንዴ?

ወንድምአገኝ፦ ወናፉ ጥግ ላይ ትንሽ ተቀዷል። ራሷ ጽፋዋለች። ግን «በቆዳ ባለሙያ እየተጠገነ ነው» ብላለች። በባለሙያ! ሰማሽ?

ነጅማ፦ ሰማሁ። ማን ይሆን ባለሙያው?

ወንድምአገኝ፦ እንዲህ ያለውን ሰው አንቺ የት ታዪዋለሽ?

ነጅማ፦ እውነትህን ነው። መስታወት ሳገኝ ብቻ ነው የማየው።

ወንድምአገኝ፦ (አልሰማትም፤ ፎቶውን እያጎላ ነው) ቁልፎቹን እይ፣ ጥርስ በይው!

ነጅማ፦ አንድ ነገር አስተምረኝ እስቲ። ቀብድ የሰጠ ገዢ መጥቶ «ቀንሺልኝ» ቢልስ?

ወንድምአገኝ፦ ቀብድ ከተያዘ ዋጋ አይጨምርም፣ አይቀንስም! የገበያ ሕግ ነው።

ነጅማ፦ ካፈገፈገስ?

ወንድምአገኝ፦ ቀብዱን ይርሳ! እኔ እንዲህ አድርጌ ያስለቀስኩት ሰው ብዛቱ!

ነጅማ፦ እረሳዋለሁ፣ ልጻፈው። (በተረፈው ሌጦ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች) «አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ ካፈገፈገ ቀብዱን ይርሳ።» ፈርምልኝ፣ ሰው እንዲያምነኝ።

ወንድምአገኝ፦ (እየተኩራራ ፈረመ) ለተማሪ ፊርማ አልነፍግም።

(ነጅማ ሌጦዋን ኪሷ ከታ ወናፉን አነሳች። ወደ ቦታው መለሰችው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ከዚያ ጨርቁን ገፈፈችው። ቀዩ አኮርዲዮን ሱቋን አበራው። ወንድምአገኝ ስልኩን አየ፣ አኮርዲዮኑን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ።)

ወንድምአገኝ፦ ይኼ ... መንትያ አለው እንዴ?

ነጅማ፦ አልጋ ልብሱንም ላምጣልህ?

ወንድምአገኝ፦ ነጂ ... ሻጯ?

ነጅማ፦ የዋኋ ልጅ የእህቴ ልጅ ናት። አድራሻውን እንድትልክልህ ልንገራት ወይስ ደርሰሃል?

ወንድምአገኝ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እንግዲህ እኛ ጎረቤቶች ነን። ሠላሳ እናድርገው። ወናፉ እኮ ተጠግኗል።

ነጅማ፦ በባለሙያ። (ሌጦዋን አውጥታ ዘረጋችለት)

ወንድምአገኝ፦ እሺ፣ ቀብዴን መልሺልኝና ይቅር!

ነጅማ፦ ሁለተኛውን መስመር አንብበው፣ የራስህ ፊርማ ነው። ደግሞ ጎረቤቴ ነህ፣ አላስለቅስህም። የቀረውን ሠላሳ ሺህ ከፍለህ ውሰደው። እንዲህ ያለ አስም የያዘው ዕቃ እጄ ላይ ይቀራል ብለህ ከፈራህ ደግሞ፣ ካንተ መልሼ እገዛዋለሁ።

ወንድምአገኝ፦ (ዓይኑ በርቶ) በስንት?

ነጅማ፦ በስድስት ሺህ። እሱም ጎረቤቴ ስለሆንክ።

(ወንድምአገኝ አኮርዲዮኑን ገለባብጦ አየው። በስልኩ ሠላሳ ሺህ ብሩን ላከ። አኮርዲዮኑን አንገቱ ላይ አጥልቆ አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ድምፁ ከሱቋ አልፎ መንገዱ ድረስ ጠርቶ ተሰማ። ያኔ ይበልጥ ተናደደ።)

ወንድምአገኝ፦ የዚፑስ? መቼም አሁን አምስት ሺህ ትይኛለሽ!

ነጅማ፦ መቶ ሃምሳ ብር። እኔ ሁለት ዋጋ የለኝም።

(የዚፑን ከፍሎ፣ ቦርሳውን ለጥገና ትቶ ወጣ። ነጅማ ወስፌዋን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ወደ እናንተ ዞረች።)

ነጅማ፦ እናንተዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በተክለ ሃይማኖት ስታልፉ ቀይ አኮርዲዮን ተሸክሞ «ሃምሳ ሺህ፣ በባለሙያ የተጠገነ!» የሚል ሰው ካያችሁ አትከራከሩት፣ እውነቱን ነው። ብቻ አደራችሁን፣ ባለሙያው ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ።