ጓድ አንዳርጋቸውና የአማታቸው አጎዛ

ስለ መደቦች የተጻፉትን ቀጫጭን መጻሕፍት ሁሉ ብታገላብጡ ወዝ አደሩን ታገኛላችሁ፣ ከበርቴውን ታገኛላችሁ፣ ንዑስ ከበርቴውንም በየገጹ ሲወላውል ታገኙታላችሁ። “እኔ እያለሁ?” ባዩን ግን አታገኙትም። እሱ በየትኛውም ሥርዓተ ማኅበር የማይጠፋ ፍጡር ነው። በባርያ አሳዳሪው ዘመን የጌታውን ሰንሰለት ሲጠግን ኖሯል፤ የጠገነውም ሰንሰለት አልቆለፍ ብሎ ስንቱን ነፃ አውጥቷል። በመጨረሻው ዘመን መንግሥት ይከስማል ተብሏል፤ እሱ ግን ፒንሳውን እንደያዘ ይቀራል።

ለባሕር ዳር የደረሷት ጓድ አንዳርጋቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ተዛውረው በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራሉ። ዕቃ መመዝገብና ዕቃ ማወቅ አንድ መስሎ መታየት የጀመራቸው ያኔ ነው። የቤታቸውን ሬዲዮ ጠግነውት ከካርቱም በቀር ሌላ አልናገርም ብሏል። የመጸዳጃ ቤቱን በር ጠግነውት ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ምስክር ይዞ ይሄዳል። የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ በጠገኑ ሰሞን ደግሞ ስብሰባው በዘፈን ተከፍቶ በዝምታ ተዘጋ፤ ለዚያች ብቻ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይመርቃቸዋል።

ይህን ሁሉ በቤቷ የተሸከመችው ባለቤታቸው የሺመቤት ናት። የአንበሳሜ ልጅ ስለሆነች ምላሷ አይዶለዱምም። ባሏ ፒንሳ ሲያነሳ፣ “አሁን ደግሞ የትኛው ደህና ዕቃ አስቀየመህ?” ትለዋለች። እሳቸው ይስቃሉ። መስማት አይሆንላቸውም።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ የአጥር ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ዓብደላ ልጃቸውን ዘይነትን ለወረታ ከተማ ሰው ሊድሩ ሆነ። የምትገባው ሀብታም ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ሙሽራን መመዘን የሚጀምረው በምን እንደመጣች ከማየት ነው። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ጊዜ ከሙሽራ ይልቅ የሙሽራ መኪና ይቸግራል። ጓድ አንዳርጋቸው ሰማያዊ ቮልሳቸውን ሰጡ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ መልካም ነበር። ነገር ግን የሐይቁ ዳር ፀሐይ ቀለሟን አደብዝዞት ስለነበር፣ ጋሽ ዓብደላ በትሕትና፣ “ጋራዥ ወስጄ ላስወልውላት?” አሉ።

“እኔ እያለሁ?” አሉ ጓድ አንዳርጋቸው። “እንደ መስታወት ነው የማደርጋት። ዘይነት ኩሏን አይታባት ታስተካክላለች።”

ጋሽ ዓብደላ የልጅ አባት ናቸውና ፈሩ፤ ጎረቤት ናቸውና ዝም አሉ።

የሰርጉ ዋዜማ ረፋድ ላይ አንድ የመወልወያ ማሽን ከፋብሪካው ጥገና ክፍል በትውስት መጣ። የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ፊት አለው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። በፊቱ ላይ የሚታሰረው የበግ ፀጉር ልባስ ግን ጠፍቷል።

“ታዲያ በምን ልትወለውል ነው?” አለች የሺመቤት።

“በበግ አገር የበግ ፀጉር ይቸግራል?” አሉና ቤት ገቡ።

ይዘው የወጡት የአማታቸውን አጎዛ ነው። እማማ ውዴ ለሰርጉ ሲመጡ ከአንበሳሜ ተሸክመውት የመጡት፣ ጠዋት ጠዋት ተቀምጠውበት ውዳሴ ማርያም የሚደግሙበት የበግ ቆዳ።

“ልጄ፣ እሱ እኮ መቀመጫዬ ነው” አሉ እማማ ውዴ ቀስ ብለው። አማችን መቆጣት በአገራቸው ነውር ነው።

“እማማ፣ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነው” አሉ አማች፣ መቀሱን እያነሱ።

በዚህን ጊዜ የሺመቤት ባሏ የማያውቀው አንድ ነገር ታውቅ ነበር። እናቷ በቀደም አጎዛውን ሐይቁ ውስጥ አጥበው ዳርቻው ላይ አስጥተውት ነበር፤ ሲደርቅ ተቀብላ ያጠፈችው እሷ ናት፤ በፀጉሩ ውስጥ የተሰገሰገው አሸዋ እጇን ሻክሯታል። “አሸዋ አለው” ብትል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ ያ ሬዲዮ፣ ያ በር፣ ያ ሁሉ “እኔ እያለሁ?” ትዝ አላትና አፏን መልሳ ዘጋችው። አንድ ጊዜ እንኳ ይወቀው፣ አለች በልቧ። በዚያች ቅጽበት ዘይነትን አላሰበቻትም።

ጓድ አንዳርጋቸው ከአጎዛው ቆርጠው ማሽኑ ፊት ላይ አሰሩ፤ ፖሊሹን ኮፈኖው ላይ እንደ ቅቤ ቀቡትና ማሽኑን አስነስተው አሳረፉበት። ግማሹ ፖሊሽ ወደ ተሰጣው ልብስ ተረጨ፤ ግማሹ ጢማቸው ላይ ቀረ። ማሽኑ ወደ ቀኝ ሲጎትት እሳቸው ወደ ግራ ይጎትታሉ፤ አመራሩ በማን እጅ እንዳለ ያልለየለት ትግል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። በጠራራ ፀሐይ፣ በጋለ ብረት ላይ፣ የተቃጠለ ቀለም ሽታ እየሸተታቸው፣ “ኃይል አይደለም የሺ፣ ስልት ነው” እያሉ ከኮፈኖው እስከ ኋላዋ ገፉበት።

ውሃ ደፍተው በጨርቅ ሲጠርጓት አበራች። ይህን መካድ አይቻልም። ራቅ ብለው ከዘንባባው ሥር ሊያደንቋት ሲዞሩ ግን ብርሃኑ በጎን መታት፤ ቮልሷ ከአፍ እስከ ጅራቷ ክብ በክብ ተቧጥጣለች፤ በጠርዟ በኩል ደግሞ ቀለሙ ተበልቶ የሥሩ ግራጫ ገጥጧል።

ከማሽኑ ላይ የአጎዛውን ቁራጭ ፈቱት። በአውራ ጣታቸው ሲያሹት አሸዋው መዳፋቸው ላይ ተንጠባጠበ። እዚያ ላይ ጓድነቱም አንቱታውም ተራግፎ አንዳርጋቸው ብቻ ቀረ። የቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

“ጋሽ ዓብደላን ምን እላቸዋለሁ?” አለ። “ልጅቱን አዋረድኳት።”

የሺመቤት ይህችን ሰዓት ስትመኛት ኖራለች፤ የምትለውንም ቃል በቃል አዘጋጅታ ነበር። ቃሉ አልመጣላትም። ሰውዬው ዝም ሲል ግቢው እንግዳ ግቢ መሰላት። ይህ ሰው የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። እሷ ግን ዛሬ ሲበላሽ እያየች አለፈች።

ጋሽ ዓብደላ በአጥሩ በኩል ገቡ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት።

“ሲያልቅ እንዲህ ነው የሚሆነው?” አሉ።

አንዳርጋቸው አንገቱን ደፋ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሽ ዓብደላ” አለች የሺመቤት። “አጎዛው አሸዋ እንዳለው አውቄ ዝም አልሁ።”

“ለምን?”

“ይወቀው ብዬ።”

“ብትቀጪውስ፣ በእኔ ልጅ ሰርግ ነው?”

ባሏ ቀና ብሎ ሲያያት ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን ተነሣ፤ ፊቱም እንደ መብራት በራ።

“እንግዲያ የእጄ ጥፋት አይደለማ” አለ። “ልብ ይበሉ ጋሽ ዓብደላ፤ አያያዜ ትክክል ነበር፣ አዟዟሩ ትክክል ነበር። ግብዓቱ ነው እንጂ...” አንቱታው ተመልሶ ትከሻቸው ላይ ሲቀመጥ በዓይን ይታይ ነበር። ስለ አጎዛ አስተጣጠብ፣ ስለ አሸዋ ጠባይ፣ ስለ ማሽን ፍጥነት ሰፊ ገለጻ ሰጡ። የሺመቤት የባሏን ገለጻ እስከ መጨረሻው የሰማችው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ዓብደላ በረጅሙ ተነፈሱ። “ሌላ መኪና ከየት አመጣለሁ? ነገ በጠዋት ሙሽራዋን ይዛ ትነሣለች። እስከዚያ ብቻ እንዳትነኳት፤ ሁለታችሁም።”

በማግስቱ ቮልሷ ዘይነትን ይዛ ወረታ ገባች። ፀሐይ ወጥታ ነበርና ቧጨራው ሁሉ እንደ አዲስ ጌጥ ያብለጨልጫል። ጓድ አንዳርጋቸው መሪውን ለቅቀው ሳይወርዱ ገለጻ ጀመሩ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ሽቅርቅር ጎረምሳ ኮፈኖውን ዳሰሰና፣ “ምነው፣ መኪናዋን እንደ ድስት በሽቦ ፈግፍገው ነው ያመጧት?” አለ። የቆሙት ሳቁ። ዘይነት በመስኮቱ ውስጥ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች።

የሺመቤት ከኋላ ወንበር ወረደች።

“የወለወላት ባሌ ነው” አለች። “ለጎረቤት ልጅ ብሎ ፀሐይ ላይ ውሎ። አንተስ ጌታው፣ ለሙሽራዋ ከጫማህ ሌላ ምን ወለወልህ?”

ሰው ሁሉ ወደ ጎረምሳው ጫማ አየ። በእርግጥ እንደ መስታወት ነበር። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ፤ ከሻሹ ሥርም የዘይነት ሳቅ ተሰማ፤ የሙሽራው እናት እየሳቁ መጥተው የመኪናዋን በር ለሙሽራዋ በገዛ እጃቸው ከፈቱላት።

በአንዳርጋቸው ላይ መሳቅ የየሺመቤት ርስት ነው። መሬቱስ ሁሉ ለሕዝብ ታውጇል፤ ይኸኛው ግን ገና አልተወረሰም።