የሰሊጥ ማሳ ላይ የተነበበው ምዕራፍ

የመማሪያ መጽሐፍ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ ነው። ካርቱም ውስጥ፣ በአንድ የውጭ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ተውሶ አገር የለወጠ ሰው አላጋጠመኝም፤ ተውሶ ያልመለሰ ግን ሞልቷል። አገር እንለውጣለን ያሉት ሰዎች በመጨረሻ ሲነሡ ያነሡት መድፍ ነበር። እኔም አንድ ሻንጣ መጽሐፍ ይዤ በገላባት በኩል ተሻገርኩና ሽንፋ በምትባል የቆላ ከተማ፣ ከወንድሜ ልጅ ከደሳለኝ ቤት ገባሁ። ድንበሩ ላይ ሻንጣዬን የፈተሸው ወጣት መጽሐፎቹን አገላብጦ፣ ሌላ የረባ ነገር የለዎትም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ የለኝም።

ደሳለኝ ሰሊጥ ያርሳል። ትራክተርና የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው። ለዚህ ሹመት ያበቃው ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቋረጡ እንዳይመስላችሁ፤ ለመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሰጠ ነው። የዝና የምትባል ሴት ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ። አባቷ ቁርጡን ነግሯታል፦ በዚህ መንፈቅ በታሪክ፣ በሥነ ዜጋና በኢኮኖሚክስ ጥሩ ውጤት ካላመጣች ደብተሯን ዘግታ የመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች።

«እትዬ፣ እዚያ ሱቅ ከገባሁ የምወጣው ተድሬ ነው» አለችኝ።

ታዲያ እኔ ምን ሥራ አለኝ? አስጠናት ጀመር። የታሪክ ደብተሯን ስገልጥ ደነቀኝ። ንጉሠ ነገሥት ከወደቀበት ሜዳ አጠገብ የተወለደች ልጅ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ አንገቱ መቼ እንደተቆረጠ ትሸመድዳለች። የኢኮኖሚክስ መምህሯ ከጎጃም የመጣ ትሑት ወጣት ነው፤ ሰሌዳው ላይ በየቀኑ ሁለት የሚቆራረጡ መስመሮች ይሥላል፤ አንዱ ፍላጎት፣ አንዱ አቅርቦት። ከመስኮቱ ውጭ ሰሊጥ የጫነ መኪና ሲያልፍ አቧራው መስመሮቹን ያለብሳቸዋል፤ እሱም ጠርጎ እንደገና ይሥላል።

ሦስቱ መምህራን እርማት እንዳይበዛባቸው ተመካክረው አንድ የጋራ ሥራ ሰጡ፤ ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር መርጣችሁ ታሪኩን፣ አስተዳደሩንና ኢኮኖሚውን አሳዩ የሚል። የመንፈቁ ውጤት አብዛኛው ከዚያ ነው። ሌሎቹ ልጆች ስለ ባንዲራ አንዱ ከአንዱ ሲገለብጡ፣ እኔ ብልኋ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። የአባትሽ ማሳ ሂጂ፣ ከሥነ ዜጋው መጽሐፍ ስለ ሠራተኛ መብት የሚለውን ምዕራፍ ለአጫጆቹ አንብቢላቸው፣ ያውቁት እንደሆነ ጠይቂና መልሳቸውን ጻፊ አልኳት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ። ስመልሰው ትንሽ ጨው ጣል አድርጌበት ይሆናል። አልክድም።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ አፉን ይከፍታል፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። በኛ ቆላ በጊዜው አፉን እንዲከፍት የተፈቀደለት ሰሊጥ ብቻ ነው፤ አጫጁ ዝም አይነቅዝም ተብሎ ያደገ የደጋ ሰው ነው። የዝና የደረሰችው ሰዎቹ ራኩባው፣ በሣር የተከደነው ዳስ ሥር ቁጭ ብለው የማሽላ ቂጣ ሲበሉ ነው። ማንበብ ስትጀምር አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተኛ። ሙሄ የሚባል ጠና ያለ የወሎ ሰው ግን ቂጣውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ እስኪ ያችን ድገሚያት» አላት።

ሠራተኛ ጥያቄው ካልተመለሰለት ሥራ ማቆም ይችላል የምትለዋን ደገመችለት። ማን ጻፈው ብሎ ጠየቃት፤ መንግሥት አለችው። ቀጠለና፣ «ማኅተም አለው?» አላት። ልጅቱ በየዋህነት ሽፋኑ ላይ የታተመውን የትምህርት ሚኒስቴር ክብ ምልክት አሳየችው። ሙሄ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ወንድሞቼ፣ ሕግ ነው» አለ።

ከምሳ በኋላ አንድም ማጭድ ከመሬት አልተነሣም።

ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም። የጠየቁትም የሚያሳፍር ነው፤ ለእነሱ ሳይሆን ለሰጪው። የመጠጥ ውኃቸው ናፍጣ በማይሸት በርሜል እንዲመጣ፣ ወባ የያዘው ሰው ከነትኩሳቱ እንዳይባረር፣ ሂሳባቸውም ላይ ጥቂት እንዲጨመር። የዝና ሁሉንም ጻፈች። ደሳለኝ በትራክተር እየበረረ መጥቶ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ።

«ጋሼ፣ እኛ መቼ እምቢ አልን?» አለው ሙሄ። «እምቢ ያለው መጽሐፉ ነው።»

ሌላ አጫጅ ፍለጋ እስከ አብርሃ ጅራ ቢሄድ የሁሉም ማሳ ባንድ ሳምንት ደርሷል፤ ትርፍ ሰው የለም። የጎጃሙ ልጅ መስመሮች በመጨረሻ ተቆራረጡ፤ የተቆራረጡት ግን ደሳለኝ አንገት ላይ ነው። በማግሥቱ ነፋስ ሲነሣ የጠየቁትን ሁሉ ፈቀደ። የዝና ያን ሁሉ ጽፋ አስገባች፤ በዚያ ሥራም ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

ደሳለኝ ውጤቱን የሰማ ማታ እራት አልበላም። «የተማረ ይግደለኝ ሲባል እንዲህ ኖሯል ለካ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እኔ እርስዎን ምን በደልኩዎ?» አለኝ። ልጅቱ ከነገ ጀምሮ ትምህርት እንደሚበቃትም ነገረን። የዝና ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ እኔ አየች። ውጤት ካመጣች ትማራለች ብለህ አልነበረም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ውጤት አላልኩም አለ። ቃል ማስታወሱ ዋጋ እንደሌለው ሲገባኝ መንገድ ቀየርኩ።

«ልጄ፣ እሺ ሱቅ አስቀምጣት» አልኩት። «ሱቅህ የሚገባው ሰው ሾፌር ነው፣ አጫጅ ነው፣ ተሸካሚ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ታነብላቸዋለች። ክፍል ውስጥ ብትሆን ግን ማን ይሰማታል?»

በነጋታው የዝና ዩኒፎርሟን ለብሳ ሄደች።

እሱም ሄደ። የወላጆች ኮሚቴውንና መምህራኑን ሰብስቦ፣ ትምህርት ከአካባቢው የእርሻ ወቅት ጋር ይጣጣም የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ያለ ዘመናዊ ሐሳብ ከአርሶ አደር ወላጅ በመምጣቱ ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑት፤ ሐሳቡም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከእንግዲህ ያ ምዕራፍ የሚሰጠው በታኅሣሥ ነው። ልብ በሉ፣ አልተሰረዘም፤ በአገራችን መብት አይሰረዝም። ሰሊጡ ተጭኖ፣ ሙሄና ጓደኞቹ ወደ ደጋው እስኪመለሱ ይጠበቃል እንጂ።