ጋሽ ይርጋና ጣራ የሌላት ወይዘሪት

ሰው ሁሉ መኪና የሚገዛው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው። በየከተማው ግን ላለመድረስ የገዛ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ከኋላው ተሰልፋችሁ ክላክስ አድርጋችሁበታል፤ እሱ ደግሞ ሰላምታ መስሎት እጁን አውለብልቦላችኋል። የወልድያው ክቡር አቶ ይርጋ ይባላሉ።

ጋሽ ይርጋ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። መኪናቸው ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ነች፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣራ የሌላት። ድሮ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገር ሲለቅ ሸጠላቸው። ሲገዟት የሸራ ጣራ ነበራት ይላሉ፤ አይጥ በላው። ቀለሟም ቀይ ነበር ይላሉ፤ ፀሐይ በላው። ከዚያ የተረፈውን የወሎ ኮረኮንች ጨርሶታል። ወልድያ የሚጠራት "ወይዘሪት" እያለ ነው። ያለ ማዕረጓ የጠራት ሰው ሁለተኛ አይሳፈርባትም።

እኔ መርሳ አስተምራለሁ። ቤቴ ወልድያ፣ ከጋሽ ይርጋ አጥር ቀጥሎ ነው። እሳቸው ደግሞ ነፋስ ልቀበል እያሉ ወደ መርሳ የሚወርዱት ሁልጊዜ እኔ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው።

"ና ግባ! ሚኒባስ ምን ያደርግልሃል? ሰውን እንደ ማገዶ አስሮ ለሚጭን!"

ጎረቤት ናቸው፤ እምቢ አይባልም። እገባለሁ። እንግዳ ካለ እኔ ከኋላ ነኝ። ከኋላ ወንበር የምትባል ነገር አለች፤ የሠራት ሰው ለባርኔጣ አስቦ ይመስለኛል። ጉልበቴን ከጆሮዬ አጠገብ አስቀምጬ እንሄዳለን። ባጃጅ ይቀድመናል። የአህያ ጋሪ ይቀድመናል። አንድ ቀን ለቀስተኛ በእግሩ ቀድሞናል፤ ጋሽ ይርጋ ባርኔጣቸውን አንስተው አሳለፉት።

"ጋሽ ይርጋ፣ ረፈደብኝ እኮ!"

"ምን አስቸኮለህ? መርሳ ተነስታ አትሄድ!"

ሰላም ያላሉትን ሰው አያልፉም። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከሉ ደጃፍ ላይ ሞተር አጥፍተው ስለ ማሽላው ይጠይቃሉ። የጠየቁትን ሲመልሱላቸው ደግሞ አይስማሙም። ከዚያ ወረድ ሲሉ የግራናው ሼህ አብዱልሐሊም ማንጎ ይዘው መንገድ ዳር ካሉ ቀኑ አለቀ በሉት።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሸኼ! አንቱ እንዴት ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ! አንቱስ? ወይዘሪትስ?"

ሼሁ ስለ ወይዘሪት ጤና ይጠይቃሉ፤ ጋሽ ይርጋ ስለ ሼሁ በሬዎች። በሬዎቹ በየስማቸው ነው የሚጠየቁት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ጊዜ ግድግዳ ላይ እየወጡ ነው።

ዝናብ ከመጣ የተሳፋሪው ሥራ ጃንጥላ መያዝ ነው፤ ለራሱ ሳይሆን ለሾፌሩ። ሰርግ ከሆነ ደግሞ ወይዘሪት ያለ ኪራይ ትሄዳለች። በወልድያና በመርሳ መካከል ስንቱ ሙሽራ በሷ ተዳረ! የሲሪንቃው አለሙ ሲዳር አቀበት ላይ እምቢ ብላ ሙሽራው ከነሱፉ ወርዶ ገፍቷታል።

እንዲህ እያልን በ2013 ክረምት ጦርነቱ ደረሰብን።

ቆቦ ላይ መድፍ መሰማት ሲጀምር የቆቦ ሰው ወደ ወልድያ ጎረፈ። የወልድያ ሰው ደግሞ ወደ ደሴ መጉረፍ ጀመረ። ስልክ ተቋረጠ። የሆስፒታሉም ሐኪሞች ሄዱ ተባለ። መንገዱን ፍራሽ የጫነ አይሱዙ ሞላው። ጋሽ ይርጋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ይመርቃሉ፤ አልተነሱም። እኔ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ደጅ ስወጣ የጨርቅ ነጋዴው ሀጎስ በሩጫ መጣ።

ሀጎስ አያቱ ከትግራይ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ወልድያ ተወልዶ ወልድያ ያረጀ ሰው ነው። ልጁ ዳናይት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ባሏ ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እዚያው እንደቀረ ነበር።

"ምጡ ጀምሯታል" አለ ሀጎስ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "የሚኒባሶቹ ሾፌሮች መታወቂያዋን አይተው 'ኬላ ላይ ችግር ታመጣብናለች' አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ይርጋ፣ ምን ላድርግ?"

ጋሽ ይርጋ ከወንበራቸው ተነሱ። "አምጣት።"

"በዚህች? ሰው ሁሉ እያያት?"

"ሰው ሁሉ ሲያያት ያደገች ልጅ አይደለች እንዴ? አንተም ና።"

"እኔ ከመጣሁ ስሜ ከፊት ከፊት ይሄድባችኋል" አለ ሀጎስ። "ብቻዋን ውሰዷት።"

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጋሽ ይርጋ ጃንጥላውን ሰጥተውኝ ወደ ኋላዋ ወንበር በአገጫቸው አመለከቱ።

ዳናይት ከፊት ተቀመጠች። ሀጎስ ጋቢውን አለበሳትና መኪናዋ ስትንቀሳቀስ እጇን ይዞ ትንሽ አብሮን ተራመደ። በጋሽ ይርጋ አነዳድ ብዙ መንገድ መከተል ይችል ነበር። እሱ ግን ቶሎ ለቀቃት፤ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

ሲሪንቃ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ዱላ የያዙ ጎረምሶች አሉ፤ ክላሽ ያነገቱ ሚሊሻዎችም አሉ። ሦስታችንም መታወቂያ ተጠየቅን። አንዱ ጎረምሳ የዳናይትን አገላብጦ አየና ጮክ ብሎ አነበበው።

"ዳናይት ሀጎስ! ሰምታችኋል? ወዴት ነው የምትሄጂው? ለማን ነው ወሬ የምታደርሺው?"

ጎረምሶቹ መኪናዋን ከበቧት። ጣራ የላት፣ መስኮት የላት፤ የሚመጣው ሁሉ ቀጥታ እኛ ላይ ነው። ዳናይት የጋቢውን ጫፍ ጨብጣ ወደፊት ብቻ ታያለች። ጋሽ ይርጋ ምን ያደርጋሉ? ሞተር አጠፉ! ወይዘሪት አንዴ ከጠፋች መቼ እንደምትነሳ እሷና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

በዝግታ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዳር ጀምረው እያንዳንዱን መጨበጥ ጀመሩ።

"እንዴት ዋላችሁ? እንዴት ናችሁ?" መታወቂያውን የያዘው ጋ ሲደርሱ እጁን አልለቀቁትም። "አንተ የሸዋዬ ልጅ አይደለህም? እናትህን ጉልበቷ ተሻላት?"

"ደህና... ደህና ናት" አለ ጎረምሳው። ቁጣው መንገድ ጠፋበት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ስሙኝ። ይቺ ልጅ የሀጎስ ልጅ ናት። ያለ ሀጎስ ጨርቅ የተዳረ ካለ እጁን ያውጣ። ምጥ ይዟታል። አዋላጅ ያለው መርሳ ነው። አትሄድም ካላችሁ እሺ፤ እዚሁ ታምጥ። ብቻ ማን ነው የሚያዋልዳት? አንተ ነህ? ወይስ አንተ?"

ዱላ የያዙት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከሚሊሻዎቹ መካከል ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ይህን ጊዜ ዳናይት ከወገቧ ተጠማዘዘችና በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

"ጋሽ ይርጋ! በእመቤቴ፣ ዛሬስ ሰላምታው ይቅር!"

"ገመዱን አውርዱ!" አለ አንድ ሚሊሻ፣ ሰው እየገፋ ሲመጣ። ያ ወይዘሪትን በሰርጉ ቀን የገፋት አለሙ ነው። መታወቂያውን ከጎረምሳው እጅ ወስዶ ለዳናይት መለሰላት። "ፊት ለፊት ሌላ ኬላ አለ። እሸኛችኋለሁ።" ከዚያ መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጠና ትከሻውን ኋላዋ ላይ አስደገፈ። ጎረምሶቹ ተያዩ። የሸዋዬ ልጅ ዱላውን ጥሎ ከጎኑ ቆመ። ገፏት። ወይዘሪት አስነጠሰች፣ አጨሰች፣ ተነሳች። አለሙ ክላሹን ተቀብሎ ከእኔ ኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ላይ፣ እንደ ሚዜ ጉብ አለ።

ቀጥሎ ያየሁትን ብናገር ወልድያ እስከ ዛሬ አያምነኝም። ጋሽ ይርጋ ነዱ። ባጃጅ ቀደሙ! ፍራሽ የጫነውን አይሱዙ ቀደሙ! የክረምቱ ዝናብ ፊታችንን ይገርፈናል፤ ጃንጥላዬ ተገልብጦ ወደ ማሽላ እርሻ ሄደ። መንገድ ዳር የሚያውቋቸው ሰዎች ሰላምታ ሳይሰጣቸው ሲታለፉ ራሳቸውን ይይዛሉ። አንዲት ሴትዮ "ኧረ ጋሽ ይርጋን ምን አገኛቸው!" ስትል ሰማኋት። ሁለተኛው ኬላ ላይ አለሙ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ፤ ገመዱ ወረደ።

መርሳ ጤና ጣቢያ አዋላጇ መሪማ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚወስዳት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል። ዳናይትን አየቻት። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች፤ ለሾፌሩ "ሂድ" አለችውና ዳናይትን ደግፋ ገባች።

እኛ ውጭ ቆየን። ጋሽ ይርጋ ከማንጎ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ይጨምቃሉ፤ ውሃው ካለቀ ወዲያም ይጨምቃሉ። ሳያቸው አዩኝና ራሳቸው ላይ ደፉት።

"ዝናቡ ነው ያራሰው" አሉ።

"ፈርተው ነበር?" አልኳቸው።

"ከወልድያ ስንወጣ ጀምሮ" አሉ።

ሴት ልጅ ተወለደች። መሪማ "አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" ስትለን አለሙ ጆሮውን ለመድፍ ድምፅ አቅንቶ ነበር። ጨብጦን ወደ ሲሪንቃ በእግሩ ተመለሰ። ጋሽ ይርጋ ጦርነቱ እስኪያልፍ እናትና ልጅን ወደ ግራና፣ ወደ ሼህ አብዱልሐሊም ቤት ሊወስዱ ወሰኑ፤ መሪማም አብራ ሄደች። እኔ ወደ ደሴ ሮጥኩ። ደሴም አልበጀ ሲል ወደ ደብረ ብርሃን ሮጥኩ። ስልክ በሌለበት ማን እንደተረፈ የሚነግረኝ አልነበረም።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ጋር ወልድያ ገባሁ። የሀጎስ ሱቅ መደርደሪያው ብቻ ቀርቷል፤ ሀጎስ ራሱ ግን ከስቶም ቢሆን አለ። የጋሽ ይርጋ በር ተቆልፏል። ሰው ከደሴ መጣ፣ ከአዲስ አበባ መጣ። ከግራና ግን የመጣ የለም።

ጠዋት ጠዋት ወደ መርሳ መውጫ መሄድ ጀመርኩ፤ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። ሀጎስም እግሩን ሊያፍታታ ይመጣል። አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን እንቆማለን። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ሰው በስሙ ይጠረጠራል። አንድ የማውቀው ሰው ጠጋ ብሎ "ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ያቆምሃል?" አለኝ።

"መኪና እየጠበቅን ነው" አልኩት።

አንድ ረፋድ ላይ ከመታጠፊያው ወዲያ የክላክስ ጩኸት ሰማን። የእርዳታ ስንዴ የጫኑ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ይጮሃሉ። ከሁሉም ፊት ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ይራመዳሉ፤ ሼህ አብዱልሐሊም ጅራፍ ይዘው ከጎናቸው። ከበሬዎቹ ኋላ በገመድ የተሳበች ወይዘሪት። መሪው ላይ ክቡር አቶ ይርጋ፤ ከጎናቸው ዳናይት ልጇን ታቅፋ። ነዳጅ ከየት ይምጣ! ሰውዬው ግን በግራ ጠርዝ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ ለአንድም መንገደኛ ሰላምታ አላጓደሉም።

ሀጎስ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት። ሀጎስ የልጅ ልጁን ተቀብሎ አንገቷ ሥር ፊቱን ቀበረ፤ አስፋልቱ መሃል ቆሞ አለቀሰ። የከባድ መኪናው ሾፌርም ክላክሱን ተወው።

"የት ነበሩ?" ብዬ ጮህኩባቸው፤ ድምፄ እንደ ልጅ ተሰበረ። "ሰው ከደብረ ብርሃን ደርሶ አንቱ ከግራና አይደርሱም? ሞቱ ብለን እኮ..."

ጋሽ ይርጋ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። "ከወጣን ሁለት ቀናችን ነው። በሬ ይደክመዋል፤ እናሳርፈዋለን። ይልቅ ወደ ቤት ነን፣ ትመጣለህ?"

ቤታችን ከቆምንበት በእግር ትንሽ ነው፤ በበሬ ረጅም ነው። ገባሁና ተቀመጥኩ።