የሃያ ሦስት ጉድጓዶች ላፕቶፕ

(ሰቆጣ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ስቶር። እትዬ ዝናሽ፣ የስቶሩ ኃላፊ፣ የአካባቢው የዝቋላ ወረዳ ተወላጅ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ይርዳው፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የውኃ ባለሙያ፣ ያረጀ ላፕቶፕ ታቅፎ ይከራከራቸዋል።)

ይርዳው፦ የምቀይረው አሮጌ ዕቃ ላፕቶፑ ውስጥ ነው እኮ የምልዎት። አዲሱን ሳይሰጡኝ አሮጌውን ከየት አምጥቼ ልመልስ?

ዝናሽ፦ አሮጌው ሳይመለስ አዲሱ አይወጣም።

ይርዳው፦ እትዬ ዝናሽ፣ ይህ የመኪና ጎማ አይደለም።

ዝናሽ፦ ሁለቱ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ነው?

ይርዳው፦ አንድ ቦታ ነው።

ዝናሽ፦ እንግዲያው አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ በየት በኩል ይገባል?

ይርዳው፦ (ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ) እሺ፣ እዚሁ ፊትዎ ልፍታው። ካቻቪቴ ይስጡኝ።

ዝናሽ፦ ካቻቪቴም በፊርማ ነው።

ይርዳው፦ (እየፈረመ) እዚህ ስቶር በፊርማ የማይወጣው አየር ብቻ ነው። ይህን የምታገሠው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከክልል እንግዶች ስለሚመጡ ነው። የጉድጓዶቹን ሪፖርት አቀርባለሁ። ካማራቸው ዝውውሬ ዛሬውኑ ይፈረማል፣ ደብረ ማርቆስ እገባለሁ። ይህ ጉደኛ ላፕቶፕ ግን ጠዋት የከፈትኩት ሪፖርት ምሳ ሰዓት ነው የሚያሳየኝ።

ዝናሽ፦ ምን ከብዶት ነው?

ይርዳው፦ ፎቶው ነዋ። ዝቋላና ሰሃላ ያስቆፈርኳቸው ሃያ ሦስት ጉድጓዶች፣ ከነፓምፓቸው፣ ከነግራፋቸው።

ዝናሽ፦ ሃያ ሦስት? እህቴ ዝቋላ ናት። ውኃ ለመቅዳት ዛሬም ሁለት ሰዓት ትሄዳለች።

ይርዳው፦ እህትዎ ሪፖርቱን ስላላዩ ነው።

ዝናሽ፦ ይሆናል። እሷ ዘንድ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ይርዳው፦ (ብሎኖቹን ፈቶ የላፕቶፑን ሆድ ከፈተ) በሉ ጠጋ ይበሉና ይማሩ። ይቺ ራም ትባላለች። እንደ ጠረጴዛ ናት፤ ከጠበበች ሥራ አይዘረጋባትም። አራት ጊጋ ነበረች፣ ስምንት አደርጋታለሁ። ይኸኛው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ነው። እንደ እርስዎ ስቶር ይበሉት። እሱን አውጥቼ በፈጣኑ፣ በኤስኤስዲ እተካዋለሁ።

ዝናሽ፦ ስቶር ሲቀየር ዕቃው አስቀድሞ ይዛወራል። አዛውረኸዋል?

ይርዳው፦ የምን ዕቃ?

ዝናሽ፦ ሪፖርቱን።

ይርዳው፦ (እየሳቀ) ሪፖርቱ እዚህ ውስጥ አይደለም፣ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ስከፍተው ፊት ለፊት ይታየኛል። እስክሪኑን መቼ ነካሁት?

ዝናሽ፦ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ላፕቶፑ ሲዘጋ ይኼ ዴስክቶፕ የት ነው የሚያድረው?

ይርዳው፦ ይህን ለእርስዎ በምን ቋንቋ ላስረዳዎት? አማርኛውንም በኋላ ነው የለመዱት።

ዝናሽ፦ እኔስ በኽምጣንጋም በአማርኛም እሰማለሁ። አንተ ነህ በአንዱም አልሰማ ያልከኝ። (ቅጽ ያቀርቡለታል) እዚህ ላይ የሚመለሰው ዕቃ ያለበትን ሁኔታ ጻፍ።

ይርዳው፦ (እየጻፈ) «አንድ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ራም። አገልግሎት የማይሰጡ።»

ዝናሽ፦ ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ ወይስ የለም?

ይርዳው፦ የለም አልኩዎት። ይኸው ፈረምኩ።

(እትዬ ዝናሽ ከመሳቢያቸው መዶሻና ምስማር ያወጣሉ። ሃርድ ዲስኩን ግንድ ላይ አስቀምጠው መሀል ለመሀል ይበሱታል። ራሟን ለሁለት ይሰብሯታል።)

ይርዳው፦ ከዲስኩ ጋር ምን አጣላችሁ?

ዝናሽ፦ ደንብ ነው። አገልግሎት አይሰጥም የተባለ ዕቃ በጀርባ በር ይወጣና በፊት በር አዲስ ተብሎ ተመልሶ ይገዛ ነበር። ምስማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድም ተመልሶ የመጣ የለም። (አዲሶቹን ዕቃዎች ያስረክቡታል) በል፣ ሥራህን ሥራ።

(ይርዳው ራሟንና ኤስኤስዲውን ይገጥማል። ከኪሱ ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ አውጥቶ ይሰካል። አርባ ደቂቃ ያልፋል።)

ይርዳው፦ (ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል) ይቁጠሩ እስቲ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ይኸው ተከፈተ። ጠዋት ከእኔ እኩል ሲያዛጋ የነበረ ላፕቶፕ ነው ይኼ። ሙያ ማለት...

(ላፕቶፑን ወደ ፊቱ ያስጠጋል፣ መልሶ ያርቃል።)

ዝናሽ፦ ፈጥኗል?

ይርዳው፦ ፈጥኗል።

ዝናሽ፦ ታዲያ ምን ሆንክ?

ይርዳው፦ ሪፖርቱ የለም። ፎቶው የለም። አንድ የቆሻሻ መጣያ ቅርጫት ብቻ ነው ያለበት።

ዝናሽ፦ ሃያ ሦስት ጉድጓድ ከላዩ ላይ ካወረድክለት ይፍጠን እንጂ።

ይርዳው፦ (ወደ ተበሳው ዲስክ እያየ) እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እትዬ ዝናሽ፣ አለቀልኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ዝውውር ነው።

ዝናሽ፦ ፎቶዎቹን ደግመህ አንሣቸዋ።

ይርዳው፦ እስከ ስምንት ሰዓት? ሃያ ሦስት ጉድጓድ?

ዝናሽ፦ ያን ጊዜስ በአንድ ከሰዓት አይደል እንዴ ያነሣኻቸው? ሹፌሩ አጫውቶኛል። አንዱን ጉድጓድ ሲዞረው ዋለ አለኝ።

ይርዳው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እሱ ናሙና ነበር። አሁን ይተውትና አንድ ነገር ይርዱኝ። ማስረጃ ሆኖ የቀረኝ የእርስዎ መዝገብ ብቻ ነው። ስንት የእጅ ፓምፕ ወጥቷል ይላል?

ዝናሽ፦ አራት።

ይርዳው፦ ሃያ ሦስት ያድርጉልኝ።

ዝናሽ፦ ያልወጣ ዕቃ ወጣ ብዬ አልጽፍም።

ይርዳው፦ ቀሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ የት ናቸው?

ዝናሽ፦ ከኋላዬ ተደርድረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ና ውሰዳቸው ስልህ መንገዱ፣ መኪናው፣ ፀሐዩ ትለኛለህ።

ይርዳው፦ እንግዲያው ዛሬ በእኔ ስም ወጪ ያድርጓቸው። ለዛሬ እዚሁ ይቆዩ፤ እንግዶቹ መዝገቡን ብቻ ነው የሚያዩት።

ዝናሽ፦ በአንተ ስም? አሥራ ዘጠኙንም?

ይርዳው፦ አሥራ ዘጠኙንም።

ዝናሽ፦ እያንዳንዱ ፓምፕ የሚተከልበት ቀበሌም ይጻፋል።

ይርዳው፦ አሥራ ሦስቱን ዝቋላ፣ ስድስቱን ሰሃላ ይበሏቸው። እንደ ሪፖርቱ።

(እትዬ ዝናሽ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። ይርዳው አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ ይፈርማል።)

ይርዳው፦ (ዞር ብሎ ለራሱ) የስቶር ሰው እንዲህ ነው። ፊርማ ካሳየኸው ሌላ ነገር አይጠይቅም። (ወደ እሳቸው) እግዜር ይስጥልኝ። ዝውውሬ ሲፈረም ክሊራንሴንም ዛሬውኑ ይጨርሱልኛል፣ አይደል?

ዝናሽ፦ በስምህ አሥራ ዘጠኝ ፓምፕ እያለ?

ይርዳው፦ (ፈገግታው ፊቱ ላይ ይደርቃል) ምን ማለትዎ ነው?

ዝናሽ፦ የመንግሥት ንብረት በስሙ ያለ ሰው ክሊራንስ አያገኝም። ክሊራንስ የሌለው ሰው አይዛወርም። ፓምፑን ትተክላለህ፣ ቀበሌው ተረከብኩ ብሎ ይፈርማል፣ ወረቀቱን ታመጣልኛለህ፤ አንድ በአንድ ከስምህ አወርድልሃለሁ።

ይርዳው፦ ይተውት፣ ሁሉንም መለስኩ።

ዝናሽ፦ መልስ፤ አሁኑኑ እጽፋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን እንግዶችህ መዝገቡን ሲከፍቱ አራት ይላቸዋል።

(ይርዳው ፓምፖቹን ያያል፣ መዝገቡን ያያል፣ ላፕቶፑን ይዘጋል።)

ይርዳው፦ እትዬ ዝናሽ፣ የዝቋላው እሺ ይሁን። ሰሃላ ግን መኪና አይገባም፣ እርስዎም ያውቁታል። ያን ሁሉ ብረት በምን አደርሰዋለሁ?

ዝናሽ፦ ሪፖርትህ ላይ አድርሰኸው የለም እንዴ? በዚያው መንገድ ውሰደው።